ለገጠር ቤት ብድር ማን ያሟላል? ከሼናንዶዋ ካውንቲ፣ ቨርጂኒያ

ከግብርና መሥሪያ ቤቱ በሚገኝ ብድር ቤት ልንገዛ ነው ብዬ ስነግራቸው አማቴ ጀበናውን እንደያዙ ቀና አሉ። «ግብርና ሚኒስቴር ከመቼ ወዲህ ነው የቤት ብድር ውስጥ የገባው? አንተ ልጅ፣ ልታርስ ነው እንዴ?»

ያን ቀን ስቄ አለፍኩት። ብድሩን ያገኘነው ግን በእሳቸው ምክንያት ነው። እንዴት እንደሆነ እመጣበታለሁ።

እኔ የትራክ ሹፌር ነኝ፤ ትራኩም የራሴ ነው። ባለቤቴ ነርስ ናት። ሁለት ልጆች አሉን፣ አንዷ 8 አንዱ 11 ዓመት። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ስንት ዓመት ኪራይ ስንከፍል ኖርን። ባለቤቴ ዊንቸስተር አካባቢ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ ስታገኝ በሳምንት ሦስት ቀን ያንን ሁሉ መንገድ ትመላለስ ጀመር። እኔም ብዙውን ጊዜ የምነዳው ሃይዌይ 81 ላይ ነው። ታዲያ አሌክሳንድሪያ ምን ያስቀምጠናል? በ2025 ኦገስት ስትራስበርግ አካባቢ ቤት ገዛን። ዳውን ፔይመንት፣ ማለትም ቅድሚያ ክፍያ፣ አልከፈልንም። ይህን የሰማ ሁሉ ስለሚደውልልኝ አንዴ ጽፌው ልረፍ።

ብድሩ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት፣ ማለትም የዩኤስዲኤ ነው። መነሻው የ1949 የቤቶች ሕግ ነው። ገበሬ መሆን አያስፈልግም። እንዲያውም ቤቱ የንግድ እርሻ ከሆነ አይፈቀድም። ጓሮ ጎመንና ቃሪያ ብትተክሉ፣ ለቤት የሚሆን ዶሮ ብታረቡ ማንም አይናገራችሁም።

ሁለት ዓይነት ብድር አለ፤ ሰው ግን ይደባልቃቸዋል። አንደኛው «ጋራንቲድ» ይባላል። ገንዘቡን የሚሰጣችሁ ባንክ ወይም የሞርጌጅ ድርጅት ነው። መንግሥት ለአበዳሪው እስከ 90 በመቶ ዋስ ይሆናል። ዘመኑ 30 ዓመት፣ ወለዱ የማይለዋወጥ። እኛ የገባነው እዚህ ውስጥ ነው። ሁለተኛው «ዳይሬክት» ነው፤ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው ራሱ መሥሪያ ቤቱ ያበድራል። እሱን ወደ ታች አነሳዋለሁ።

መጀመሪያ ካርታው

ቤት ከመውደዳችሁ በፊት አድራሻውን አጣሩ። የዩኤስዲኤ ድረገጽ ላይ የኤሊጂቢሊቲ ካርታ አለ። «ሲንግል ፋሚሊ ሃውሲንግ ጋራንቲድ» የሚለውን መርጣችሁ አድራሻውን ትጽፋላችሁ፤ ያልፋል አያልፍም ይላችኋል። ካርታውን በዓይን ብቻ ለምታዩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቀለም የተቀባው ቦታ የማይፈቀደው ነው። አንድ ጓደኛዬ ገልብጦ አንብቦት ሁለት ቅዳሜ የማይሆን ሰፈር ሲዞር ዋለ።

«ገጠር» ሲባል ደግሞ በሬ የሚጠመድበትን አታስቡ። በመሠረቱ ከ10,000 ያልበለጠ ሕዝብ ያለው፣ የገጠር ጠባይ ያለው ቦታ ነው። ከትልልቅ ከተሞች ቀጠና ውጭ ከሆነ እስከ 20,000፣ ቀድሞ ገጠር ተብሎ ለተመዘገበ ቦታ ደግሞ በተወሰነ ሁኔታ እስከ 35,000 ድረስ ይሄዳል። ለምሳሌ የዊንቸስተር ከተማ አይገባም። ከዚያ 20 ማይል ያህል ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ስትራስበርግ ስትደርሱ ይገባል። ውድስቶክ፣ ኤደንበርግ፣ ማውንት ጃክሰን እያላችሁ በ81 ስትወርዱ ያሉት ከተሞች ሁሉ ትንንሽ ናቸው። በአንድ ካውንቲ ውስጥ ግማሹ ተፈቅዶ ግማሹ የሚከለከልበት ቦታ ስላለ የካውንቲውን ስም ሰምታችሁ አትመኑ። ያጣራችሁት የቤቱን አድራሻ ይሁን።

ከዚያ ማዕዱ

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሌላ ብድር የተበዳሪውን ገቢ ይጠይቃል። ይህኛው ቤት ውስጥ የሚኖረውን አዋቂ ሁሉ ገቢ ይደምራል። ብድሩ ላይ ስሙ ይግባ አይግባ ለውጥ የለውም። ከዚያ ድምሩን ከካውንቲው ጣሪያ ጋር ያስተያያል። ጣሪያው የአካባቢው መካከለኛ ገቢ 115 በመቶ ነው። በ2025 በወጣው ሰንጠረዥ፣ በአብዛኛው ካውንቲ፣ ከ1 እስከ 4 ሰው ላለው ቤተሰብ 119,850 ዶላር ነበር። ከ5 እስከ 8 ሰው ላለው 158,250። ውድ በሆኑ አካባቢዎች ከዚህም ይበልጣል። ቁጥሩ በየዓመቱ ስለሚቀየር የዘንድሮውን እዩ።

የእኛን ልደምርላችሁ። እኔ ወጪዬ ሁሉ ተቀንሶ በአማካይ 58,000። ባለቤቴ 66,000። ድምር 124,000። ዕድሜው ከ18 በታች ለሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ 480 ዶላር ይቀነሳል፤ ለሁለቱ 960። ቀረ 123,040።

መጀመሪያ የሄድንበት አበዳሪ ይህን አየና «ጣሪያውን በ3,000 ዶላር አልፋችኋል፣ አይሆንም» አለን። ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ ዝም ብላ ልብስ ታጣጥፍ ጀመር። እኔም ተስፋ ቆርጬ ሌላ ብድር ሳጠያይቅ ሁለት ሳምንት አለፈ። ሁለተኛዋ ሎን ኦፊሰር (የአበዳሪው የብድር ሠራተኛ) ስለ ደሞዝ ከመጠየቋ በፊት፣ «ቤታችሁ ውስጥ ማን ማን ይኖራል?» አለችን። እኛ፣ ልጆቹ፣ አማቴ አልናት። «እሳቸውስ ይሠራሉ?» የለም፣ አይሠሩም። «እንግዲያው አምስት ናችሁ» አለች።

አለቀ። አምስት ስንሆን ጣሪያው 158,250 ሆነ። የመጀመሪያው ሰው አማቴን ያልቆጠራቸው ገቢ ስለሌላቸውና ብድሩ ላይ ስላልገቡ ነው። ገቢ የሌለውም ሰው ግን የቤተሰብ ቁጥር ውስጥ ይገባል። ሁለት ወረቀት ተጠየቅን፤ የግሪን ካርዳቸው ኮፒና ገቢ እንደሌላቸው የሚገልጽ ፊርማ። በአማርኛ ፈረሙ። ማንም ምንም አላለም።

ይኸው ነገር ግን በተቃራኒውም ይሠራል። አብሮኝ የሚነዳ ልጅ አለ። ሚስቱ፣ አንድ ልጁና ወንድሙ አብረውት ይኖራሉ። ወንድሙ ዕቃ ያደርሳል፣ ደህና ያገኛል። የወንድሙ ገቢ ሲደመር ጣሪያውን ዘለሉት። «ወንድሜ እኮ ለራሱ ነው የሚሠራው፣ ሰባራ ሳንቲም አይሰጠኝም» እያለ ተከራከረ። ለሕጉ ይህ ምንም አይደለም፤ አንድ ቤት እስካደሩ ድረስ ይደመራል። ወንድምየው የእውነት ወጥቶ ሌላ ቦታ ከተከራየ በቃ፣ አይቆጠርም። «አይኖርም በልና ሙላው» የሚል አማካሪ ግን አይጠፋም። የፌዴራል ፎርም ላይ ነው የምትፈርሙት። አትሞክሩት።

ኮሌጅ የሚማር ልጅ ላላችሁ ደግሞ ጥሩ ዜና አለ። ሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆነና ብድሩ ላይ ካልገባ፣ ማታ ማታ ሱቅ ሠርቶ ከሚያገኘው የሚቆጠረው የመጀመሪያው 480 ዶላር ብቻ ነው። ዕድሜው 12 ወይም ከዚያ በታች ለሆነ ልጅ የምትከፍሉት የሕፃናት መዋያ ወጪም ይቀነሳል። ደረሰኙን አስቀምጡ። እኛ ቤት መዋያው አማቴ ናቸው፣ ደረሰኝ አይሰጡም።

የሚታየው የሚመጣው የ12 ወር ገቢ ነው። ስለዚህ ኦቨርታይም የምትሠሩ ከሆነና የሚቀጥል ከሆነ እሱም ይገባል። አገር ቤት አከራይታችሁት የሚገባ የቤት ኪራይ ካለም ገቢ ነው፤ ተናገሩ።

የትራክና የኡበር ሰዎች፣ ይህን አንብቡ

በ1099፣ ማለትም ሳንቀጠር ለራሳችን የምንሠራ ሰዎች ሁለት ቦታ እንለካለን። በአንድ በኩል ገቢያችን ከጣሪያው መብለጥ የለበትም። በሌላ በኩል ብድሩን ለመክፈል መብቃት አለበት። ለሁለተኛው የሚታየው የሁለት ዓመት ታክስ ነው። በባንካችን የገባው ጠቅላላ ገንዘብ አይታይም፤ ወጪ ተቀንሶ የቀረው ነው የሚታየው።

የእኛ ሰው ችግር እዚህ ላይ ይመጣል። በዓመት 200,000 ዶላር የሚያስገባ ሹፌር አውቃለሁ። ታክስ ሠሪው ነዳጁን፣ ጎማውን፣ ምግቡን፣ ስልኩን ሁሉ ቀንሶ 14,000 አትርፈሃል ብሎ ይልክለታል። ታክስ ስላልከፈለ ደስ ብሎት ይውላል። ቤት ሊገዛ ሲሄድ ግን በወር 1,166 ዶላር የሚያገኝ ሰው ነው። ማን ያበድረዋል? የትራኩ ዲፕሪሲዬሽን (በማርጀቱ የሚቀነሰው ዋጋ) ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ ስላልሆነ ሲሰላ ተመልሶ ሊደመር ይችላል፤ ሌላው ግን እንደተቀነሰ ይቀራል። ቤት ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ ከሁለት ዓመት በፊት ታክስ ሠሪያችሁን ቁጭ አድርጋችሁ ንገሩት። እውነተኛውን ወጪ ቀንስ፣ የተጋነነውን ተው በሉት። እኔ ይህን የሰማሁት በ2022 መጨረሻ ላይ ነው፤ ባልሰማ ኖሮ ዛሬም አሌክሳንድሪያ ነበርኩ።

የትራኩ ብድር ሌላ ጣጣ ነበር። በእኔ ስም ስለሆነ ክሬዲቴ ላይ እንደ ግል ዕዳ ይታያል። ከቢዝነስ አካውንቱ 12 ወር ሙሉ እንደተከፈለ በባንክ ወረቀት አሳይቼ ከግል ዕዳዬ አስወጣሁት። ለሰው መኪና ብድር ኮሳይን ያደረጋችሁም፣ ማለትም አብራችሁ የፈረማችሁም እንዲሁ ናችሁ። ዕዳው የእናንተ ሆኖ ይቆጠራል። ሰውየው ራሱ ከራሱ ሂሳብ 12 ወር እንደከፈለ የሚያሳይ ማስረጃ ካመጣችሁ ይቀርላችኋል። በጥሬ ገንዘብ እየሰጣችሁ እናንተ ስትከፍሉለት ከነበረ ግን እንግዲህ ምን ይባላል።

የመክፈል አቅሙ እንዲህ ይሰላል። የቤቱ ወርኃዊ ክፍያ ከወር ገቢ 29 በመቶ፣ ከሌላ ዕዳ ጋር ተደምሮ 41 በመቶ ባይበልጥ ነው መመሪያው። የእኛ የወር ገቢ 10,333 ነው። 29 በመቶው 2,997፣ 41 በመቶው 4,237። የቤቱ ክፍያ ታክሱም ኢንሹራንሱም ገብቶ 2,443 ሆነ። የባለቤቴ መኪና፣ የተማሪ ብድሯና ክሬዲት ካርድ 765። ድምሩ 3,208፣ ማለትም 31 በመቶ። አለፍን። የተማሪ ብድር ለጊዜው አትክፈሉ የተባላችሁ ካላችሁ ዜሮ ነው ብላችሁ አትደሰቱ፤ የቀሪውን ዕዳ ግማሽ በመቶ በየወሩ እንደምትከፍሉ ይቆጥሩታል።

ክሬዲት ስኮር 640 ከሆነ ፋይሉ በኮምፒውተር የማለፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። ከዚያ በታች ሰው በእጁ ይመረምረዋል፣ ከባድ ነው። አበዳሪውም የራሱን መስፈርት ይጨምራል። ክሬዲት ገና ያልገነባችሁ አዲስ ገቢዎች ደግሞ የ12 ወር የኪራይ፣ የስልክና የመብራት ክፍያ ታሪክ ሊያገለግላችሁ ይችላል። ኪራያችሁን በጥሬ ገንዘብ አትክፈሉ የምለው ለዚህ ነው። በግሪን ካርድም በዜግነትም ማመልከት ይቻላል። ሌላ ዓይነት ወረቀት ያላችሁ ቤት ሳታዩ መጀመሪያ ወረቀታችሁን ለአበዳሪው አሳዩ።

ስለ ዕቁብም ልንገራችሁ። ግንቦት ላይ 10,000 ዶላር ዕቁብ ደረሰኝ። ግማሹ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ መላኪያ)፣ ግማሹ በጥሬ ገንዘብ። ሁሉንም ባንክ አስገባሁት። ሎን ኦፊሰሯ የባንክ ወረቀቱን አይታ «ይህ ምንድን ነው?» አለች። ዕቁብን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ሎተሪ መሰላት። በመጨረሻ ከዕቁቡ ጸሐፊ ደብዳቤ አመጣሁ፣ እኔ በየወሩ የከፈልኩትን የዜል ዝርዝር አያያዝኩ። ማስረጃ ያለውን ተቀበሉ፣ በጥሬ የገባውን ከሂሳቡ ቀነሱት። ዳውን ፔይመንት ስለሌለ አልጎዳኝም። ዕቁባችሁ ሊወጣ ከሆነ ሁሉም በባንክ ይላኩላችሁ።

ምን ያህል አወጣን?

ቤቱ 329,000 ዶላር ነው። አንድ በመቶ የዋስትና ክፍያ አለ፣ 3,300 ገደማ፤ እሱን ብድሩ ላይ ደመርነው። በዓመት ደግሞ ከቀሪው ዕዳ 0.35 በመቶ ይከፈላል፣ በወር ሲከፋፈል 97 ዶላር አካባቢ። ይህ ብድሩ እስካለ ድረስ አይቀርም። ኤፍኤችኤ የሚባለው ሌላው የመንግሥት ዋስትና ያለው ብድር ውስጥ ብንገባ ኖሮ 3.5 በመቶ ቅድሚያ፣ ማለትም 11,515 ዶላር እንከፍል ነበር። የዋስትናውም ክፍያ ከፍ ይላል፤ መነሻው 1.75 በመቶ፣ የዓመቱ 0.55 በመቶ።

ዳውን ፔይመንት የለም ማለት ግን ባዶ ኪስ ማለት አይደለም። ቀብድ 2,000 አስያዝን፤ ለግምት፣ ለቤት ምርመራ፣ ለውሃና ለሴፕቲክ (የግቢው የፍሳሽ ማጠራቀሚያ) ምርመራ 1,600 ያህል ወጣ። የክሎዚንጉን፣ ማለትም የግዢውን መዝጊያ፣ ወጪ ሻጩ 8,000 ሸፈነልን። ሻጭ እስከ ዋጋው 6 በመቶ ድረስ መርዳት ይችላል፤ ኤጀንታችሁ ይህን ኦፈሩ ውስጥ ይጻፍ። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ፣ 20 በመቶ ከፍሎ ተራ የባንክ ብድር ማግኘት የሚችል ሰው ለዚህ ብድር አይታሰብም። እኛን ይህ አላሰጋንም።

ጉድጓድና ሴፕቲክ

አሌክሳንድሪያ ውሃ ከቧንቧ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ማንም አያስበውም። እዚህ ቤታችን የራሱ ጉድጓድና ሴፕቲክ አለው። ውሃው ላብራቶሪ ሄዶ መመርመር አለበት። የእኛ መጀመሪያ ላይ ባክቴሪያ ተገኘበት። ሻጩ ጉድጓዱን በክሎሪን አሳጠበ፣ እንደገና ተመረመረ፣ አለፈ። አሥር ቀን በላን። የጉድጓዱም ከሴፕቲኩ ያለው ርቀት ይለካል።

ከሁሉ በላይ የሴፕቲኩን ፈቃድ ከካውንቲው ጤና ቢሮ ጠይቁ። ፈቃዱ የሚሰጠው በመኝታ ክፍል ቁጥር ነው። ከዚህ በፊት የወደድነው አንድ ቤት አራት መኝታ ተብሎ ነበር የወጣው። ፈቃዱ ሲታይ ለሦስት መኝታ ነው። አራተኛው ምድር ቤት ውስጥ በኋላ የተከፈለ ክፍል ነው። ለአምስት ሰው ያን ቤት መግዛት በየወሩ የፍሳሽ መኪና መጥራት ነው። ተውነው።

ጊዜው

ፋይሉ ሁለት ጊዜ ይታያል። መጀመሪያ አበዳሪው ያጸድቃል። ከዚያ ወደ ዩኤስዲኤ ይሄድና የዋስትናው ማረጋገጫ ይወጣል። እንደ ወረፋው ቀናትም ሳምንታትም ይወስዳል። በ30 ቀን እንጨርሳለን ብላችሁ አትፈርሙ፤ 45 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ጠይቁ። የፌዴራል መንግሥት በበጀት ጠብ ሲዘጋ ደግሞ አዲስ ማረጋገጫ ይቆማል። በ2025 ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ተዘግቶ ነበር። ሴፕቴምበር ላይ ውል የምትፈርሙ ሰዎች፣ ቀኑ የሚራዘምበት አንቀጽ ይኑራችሁ።

ገቢያችሁ ከአካባቢው መካከለኛ 80 በመቶ በታች ከሆነ «ዳይሬክት»ን ጠይቁ። ባንክ የለም፣ የዩኤስዲኤ ሩራል ዴቨሎፕመንት ቢሮ ራሱ ነው የሚያስተናግደው። ዘመኑ 33 ዓመት፣ ገቢው በጣም ዝቅ ላለ 38። የወር ክፍያው በድጎማ ወለዱ 1 በመቶ የሆነ ያህል ሊወርድ ይችላል። ቤቱን ስትሸጡ ግን ከተደጎማችሁት የተወሰነው ሊመለስ ይችላል፣ ስትፈርሙ ይህን አንብቡ። ወረፋውም ትዕግሥት ይፈልጋል።

የመጀመሪያውን ስልክ ስትደውሉ እንዲህ በሉ፤ «ዩኤስዲኤ ጋራንቲድ ትሠራላችሁ? በዚህ ዓመት ስንት ሠራችሁ?» ሁለት ወይም ሦስት ካሏችሁ አመስግናችሁ ዝጉ፤ ሌላ ደውሉ። ብዙ የሠራ ሰው ስታገኙ ደግሞ እሱ ሳይጠይቃችሁ ቤት ውስጥ የሚያድረውን ሁሉ በስም፣ በዕድሜና በገቢ ጻፉለት። አያቲቱንም አትርሱ።